ብራናና ዶሴ፤ በጎንደር ዙሪያ የመጻሕፍት አጠባበቅ ትምህርት ጥንትና ዛሬ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ አዘዞንና ጠዳን እያለፈ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ፣ በቀኙ የደምብያ ሜዳ ወደ ጣና እየተዘረጋ፣ በግራው የበለሳ አገር ከፍታ እየተከተለው፣ ማክሰኝት ይደርሳል። ማክሰኝት የጎንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ፣ የገበያና የመንገድ ከተማ ናት እንጂ እንደ ጎረቤቶቿ የቤተ መንግሥት ግንብ የምታስጎበኝ አይደለችም፤ በሰሜኗ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቈረቈሯት ጎንደር፣ በደቡቧም ዐፄ ሠርጸ ድንግል አስቀድመው በዐሥራ ስድስተኛው ምእት ዓመት የጉዛራን ግንብ ያሠሩባት እንፍራንዝ ስላሉ፣ እርሷ በሁለት የነገሥታት መቀመጫዎች መካከል እንደ ማረፊያ ሆና ትኖራለች። ነገር ግን ጽሑፍ የሚባል ነገር በዚህ አገር እንዴት እንደ ተጠበቀ፣ ጠባቂውም ማን እንዳስተማረው ለሚጠይቅ ሰው፣ ግርማ ካላት ከጎንደር ይልቅ ማክሰኝትን የመሰለች ከተማ ጉዳዩን አጉልታ ታሳየዋለች፤ ሁለት ዓይነት የጽሑፍ ማደሪያዎች፣ ማለት የደብሩ ዕቃ ቤትና የወረዳው መዝገብ ቤት፣ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ተቀራርበው የሚገኙት በእንዲህ ያለችው ከተማ ነውና።

በዕቃ ቤቱ ያለው ብራና ነው፤ በመዝገብ ቤቱ ያለው ዶሴ ነው። ብራናው ከሦስትና ከአራት መቶ ዓመት በላይ ኖሮ ዛሬም ይነበባል፤ ዶሴው ግን ገና የሰው ዕድሜ ሳይሞላው ጠርዙ ይረግፋል። ብዙ ሰው ይህን ልዩነት ለቆዳና ለወረቀት ባሕርይ ይሰጠዋል፤ እውነትም አለበት። ለእኔ እንደሚመስለኝ ግን ከዕቃው ባሕርይ ይልቅ የሚበልጠው ምክንያት ሌላ ነው፤ ብራናው ገና ከመጻፉ በፊት ጀምሮ ለጥበቃው የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ነበረው፣ ወረቀቱ ግን ወደዚህ አገር ሲገባ ትምህርት ቤቱን አስከትሎ አልገባም።

የብራና ትምህርት የሚጀምረው ከፊደል ሳይሆን ከቆዳ ነው። ተማሪው ፊደል ቈጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ እጁ ለጽሕፈት ያዘነበለ መሆኑ ታውቆ ወደ ቁም ጸሐፊው መምህር በተጠጋ ጊዜ፣ የኔታ አስቀድመው የሚያዙት ብዕር እንዲይዝ አይደለም፤ የፍየሉን ወይም የበጉን ቆዳ በውሃ እንዲያርስ፣ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር እንዲወጥር፣ የውስጡን ሥጋና ሞራ በካራ እንዲፍቅ፣ በሻካራ ድንጋይ እንዲያሽ፣ በፀሐይም ካደረቀው በኋላ ጠጕሩን እንዲያነሣ ነው። በኤውሮፓ የነበሩ ብራና ሠሪዎች ቆዳውን በኖራ ውሃ ዘፍዝፈው ጠጕሩን ያላሉ ነበር፤ አባቶቻችን ግን ኖራን ሳይሹ በውሃ፣ በፀሐይና በክንድ ብቻ ፈጸሙት። ከዚህ የተነሣ ብራና እስከ መጨረሻው ቆዳነቱን አይረሳም፤ ርጥበት ሲያገኘው ተኰማትሮ ወደ ጥንተ ተፈጥሮው ለመመለስ ይሻል፣ ድርቀት ሲበዛበት ይጠነክራል። እንግዲህ ብራናን በገዛ እጁ ወጥሮ ያደረቀ ተማሪ፣ ከሚያፈስ ጣሪያ በታች የተቀመጠ መጽሐፍ ምን እንደሚሆን ሌላ አስተማሪ ሊነግረው አያስፈልገውም፤ መጽሐፍ ከመሆኑ በፊት አይቶታልና።

በመፋቅ ጊዜ ካራው ስቶ ቆዳውን የወጋው እንደ ሆነ፣ ተማሪው ብራናው ሳይደርቅ ቅዳዱን በጅማት ወይም በቀጭን ክር ይሰፋዋል፤ ሊሰፋ የማይችለውንም ቀዳዳ እንዳለ ይተወዋል፣ ጸሐፊውም በኋላ ፊደሉን በዙሪያው እያሳለፈ ይጽፋል። በጥንታውያን መጻሕፍት ገጽ ላይ እንዲህ ያለውን ስፌት ያየ ሰው መጽሐፉ የተጐዳና የተጠገነ ይመስለዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጥገናው ከጽሕፈቱ የቀደመ ነው። መጠገንና መሥራት በአንድ እጅ፣ በአንድ ወንበር ትምህርት ይሰጡ እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ከብራናው ቀጥሎ ቀለሙ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከታረረ እህል፣ ከልዩ ልዩ ቅጠልና ከሙጫ ተቀምሞ፣ እየታሸና እየቈየ ለወራት ይበስላል፤ ቀዩ ቀለም ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መጀመሪያ ይቀመጣል። የጥላሸት ቀለም አንድ ታላቅ ምግባር አለው፤ ቆዳውን አይበላም። በኤውሮፓ ብዙ ዘመን ይሠራበት የነበረው ከብረት ማዕድንና ከዛፍ እጢ የሚወጣው ቀለም ግን ከጊዜ ብዛት ወረቀቱን እየበላ ፊደሉን በወንፊት ቀዳዳ አስመስሎ ያስቀረበት ጊዜ አለ። የእኛው ቀለም ጠላቱ ውሃ ነው፤ ከላይ ያረፈ እንጂ ወደ ውስጥ የዘለቀ ስላልሆነ በርጥበት ይለቃል፣ ብራናውም አለመጠን በታጠፈበት ስፍራ ይፈረፈራል። ይህንንም ተማሪው የሚያውቀው ከቃል ትምህርት አይደለም፤ ለልምምድ የጻፈበትን ብራና አጥቦና ፍቆ ደግሞ እንዲጽፍበት በሚታዘዝበት ጊዜ ነው።

ከዚያ በወስፌ ነጥቦ ያለ ቀለም ማስመር፣ መቃውን ቀርጾ ፊደል መጣል፣ በመጨረሻም መጠረዝና መደጐስ ይመጣል። በጥረዛው ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ለጥበቃ ነገር ዋናው ምሥጢር በእርሱ ውስጥ ነውና። ጥራዞቹ እርስ በርሳቸውና ከሁለቱ የእንጨት ገበታዎች ጋር በሰንሰለት ስፌት ይያያዛሉ፤ ገበታው ከዋንዛ ወይም ከወይራ ይጠረባል፤ ጀርባው በሙጫ ተጣብቆ አይታሰርም። ስለዚህ መጽሐፉ ሲገለጥ እስከ ታች ይዘረጋል፣ ቅጠሉም አይታጠፍም፤ ክሩ ያለቀ እንደ ሆነ ፈትቶ እንደ ገና መስፋት ይቻላል፣ ከመጽሐፉ አካል አንዲት ነገር ሳትቀደድ። ገበታው የተሰነጠቀ እንደ ሆነም ጠጋኙ በስንጥቁ ግራና ቀኝ በወስፌ በስቶ በክር ወይም በጠፍር ይጐነጕነዋል እንጂ አይጥለውም። በላዩ የሚለብሰው ቆዳ በእሳት በተሞቀ ብረት መስቀልና ሐረግ እየታተመበት ይደጐሳል፤ ከሁሉም በላይ ማኅደሩ፣ ያ ማንገቻ ያለው የቆዳ ከረጢት፣ መጽሐፉን ከአቧራ፣ ከብርሃንና ከመንገድ ይሰውረዋል።

በእንፍራንዝ ስለ ነበረ አንድ የጽሕፈት ሰው የሚናገር መጽሐፍ መኖሩን በዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ደራሲው በእውነት ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ባለ ታሪኩ በእንፍራንዝ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠግቶ መጻሕፍት በመጻፍ ይተዳደር እንደ ነበር ያወሳል። ክርክሩ በየትኛውም ወገን ቢፈጸም፣ በዚያ አገር የጽሕፈት ሙያ አንድን ሰው እንጀራ ሊያበላ እንደሚችል ለአንባቢ የታወቀ ነገር እንደ ነበር ያሳያል፤ ሙያው እንጀራ ካበላ ደግሞ ተማሪ አያጣም።

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ ሠሪው ነው፤ ጠባቂው ግን ሌላ ሰው ነው። በደብሩ መጽሐፍ የሚጠብቀው ገበዙ ወይም የዕቃ ቤቱ ሹም ሲሆን፣ ሥልጠናውም በአገልግሎት ነው፤ ዲያቆን ሳለ መጽሐፍ ተሸክሞ ይወጣል፣ ይመልሳል፣ ማኅደሩን በእንጨት ወይም በቀንድ መስቀያ ላይ ይሰቅላል። የሚሰቅለውም ከምስጥና ከአይጥ ለማራቅ ነው። ከዚህ ሁሉ ግን የሚያስደንቀኝ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ራሱ ሳይታወቀው የምርመራ መርሐ ግብር ሆኖ ማገልገሉ ነው። ስንክሳሩ በየዕለቱ ይገለጣል፤ ግብረ ሕማማት በሰሙነ ሕማማት ይወጣል፤ ድርሳናቱና ተአምራቱ በየወርኃዊው በዓል ይነበባሉ፤ ገድሉ በባለ ገድሉ ዕለት ከማኅደሩ ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ መጽሐፍ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ነፋስ ያገኛል፣ የዕጣን ጢስ ያገኛል፣ ብል ገብቶበት እንደ ሆነ የሚያይ ዐይን ያገኛል። ተረስቶ የሚጠፋው መጽሐፍ የማይነበበው ነው፤ ሙዚየም ከገባ በኋላ በመስታወት ሥር ተዘግቶ ለዓመታት የማይገለጠውም በዚህ ዕጣ እንዳይወድቅ ያሠጋል።

ጠባቂው የሚፈራው ብሉን ብቻ አይደለም፤ ሰውንም ነው። ለዚህም አባቶች በመጽሐፉ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ የሰጪውን ስም፣ የተሰጠበትን ደብር፣ ሰርቆ ለሚወስደውና ፍቆ ስሙን ለሚለውጠው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተነገረ ውግዘት ይጽፉ ነበር። ፋቂው ከሌባው ጋር በአንድ ውግዘት መያዙ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ መጽሐፍን መስረቅ አንድ ነገር ነው፣ የመጽሐፍን ማስረጃነት ማጥፋት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ሁለቱንም አንድ ኃጢአት አድርገው ቈጠሯቸው። የዛሬ ዘመን የመዛግብት ባለሙያ ከዚህ የጠራ የሙያ ሕግ ሊጽፍ መቻሉን እጠራጠራለሁ።

ማስረጃነት ካልን፣ ወደ ጎንደር ነገሥታት ዘመን መለስ ማለት ያስፈልጋል። በፋሲል ግቢ ውስጥ ዛሬ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት እየተባለ የሚጠራው ሕንፃ፣ ከዐፄ ፋሲል ቀጥለው ከ1660 እስከ 1674 ዓ.ም. ለነገሡት ለዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ የሚሰጥ ሲሆን፣ በአጠገቡም የጽሕፈት ቤቱ አለ። በዚያ ዘመን ጕልሕ የተባለው ክብና ሰፊ አጻጻፍ በጎንደር ጸሐፍት እጅ ሥር ሰደደ፤ ሐረግና ሥዕል ያላቸው ታላላቅ መጻሕፍትም ለየአድባራቱ ተሰጡ። ይሁን እንጂ መንግሥቱ መዛግብቱን ያኖረው በግንቡ ውስጥ ብቻ አልነበረም። የጉልት ስጦታ፣ የርስት ሽያጭ፣ የውርስ ስምምነት፣ የደብሩ ንዋያተ ቅድሳት ዝርዝር፣ ይህ ሁሉ የሚጻፈው በደብሩ ወንጌል ወይም በሌላ የከበረ መጽሐፍ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ነበር። በእቴጌ ምንትዋብ የተሠራችው የደብረ ፀሐይ ቍስቋምና ሌሎቹ የጎንደር አድባራት በእንዲህ ያለው ጽሑፍ የበለጸጉ ናቸው፤ የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክራሚ ከኢትዮጵያውያን የታሪክ ምሁራን ጋር ይህን የኅዳግ ጽሑፍ በብዛት ፎቶግራፍ አስነሥቶ፣ ስለ መሬትና ስለ ማኅበራዊ ኑሮ የጻፈውን እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመውን ታላቅ መጽሐፉን የመሠረተው በእርሱ ላይ ነው።

ይህ አሠራር እንደ ዘበት የሚታለፍ አይደለም። መዝገብን ለብቻው ብታኖረው የሚያስፈልገው ሰው እስካለ ድረስ ይጠበቃል፣ ጉዳዩ ሲዘጋ ይጣላል፤ በወንጌል ኅዳግ ላይ ብትጽፈው ግን ወንጌሉ እስካለ ድረስ ይኖራል፣ ገበዙም ወንጌሉን ሲጠብቅ ሳያስበው የርስት መዝገብ ይጠብቃል። አንድ ጠባቂ፣ አንድ ሥልጠና፣ ሁለት ዓይነት ሀብት። የጎንደር ዘመን የመዛግብት ጥበብ ይህ ነበር፤ ድክመቱም ከዚሁ የሚመነጭ ነው፤ ወንጌሉ በተወሰደ ቀን የአገሩ የመሬት ታሪክ አብሮ ይወሰዳልና።

የተወሰደበትም ጊዜ አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1762 እስከ 1764 ዓ.ም. በጎንደር ቈይቶ መጽሐፈ ሄኖክን ጨምሮ መጻሕፍት ይዞ ተመለሰ፤ ይህ ከኋላው ከመጣው ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን በዘረፉና ባቃጠሉ ጊዜ፣ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍት ከአድባራቱ ተሰብስበው ወደ መቅደላ ሄዱ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ለሚያሠሩት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አስበዋቸው ነበር። በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ምርኮውን በዐሥራ አምስት ዝሆንና በሁለት መቶ በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወረደ፤ ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስም የተሻሉትን አስመርጦ፣ ወደ 350 የሚሆኑት በለንደን ቀሩ፤ ከቀሩትም ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተሰጡ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳኑ ማሕዲ ጭፍሮች ጎንደርን ገብተው አድባራቷን አቃጠሉ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1932 ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ ጓድ በጎንደር ተቀምጦ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ በምትኩ ቅጂ አስለጠፈ፤ ከሦስት መቶ በላይ የብራና መጻሕፍትም ይዞ ወደ ፓሪስ ሄደ።

ይህን ታሪክ ብዙዎች ስለ ጻፉት አልዘገይበትም፤ ነገር ግን ስለ ሀብቱ መጥፋት ሲነገር ስለ ትምህርቱ መጥፋት የሚናገር እምብዛም አይገኝም። ደብር ሲቃጠል የሚበተነው መጽሐፉ ብቻ አይደለም፤ ተማሪው የሚገለብጠው አብነት፣ ጠራዡ ፈትቶ የሚያየው አሮጌ ስፌት፣ ደጓሹ የሚቀዳው የመስቀል ሐረግ አብሮ ይሄዳል። አስገራሚው ነገር፣ ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 በለንደን ያሳተመው የኢትዮጵያ መጻሕፍት ዝርዝር ለኤውሮፓ ተማሪዎች ይህንኑ አብነት ሲከፍትላቸው፣ የጎንደር ዙሪያ ተማሪ በተራቈተ ዕቃ ቤት ፊት ቆሞ ቀረ።

ወረቀቱ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾመው የመንግሥቱ ሥራ በጽሕፈት ቤት መካሄድ ከጀመረ በኋላ፣ ይልቁንም ከጠላት ወረራ በኋላ የጠቅላይ ግዛት፣ የአውራጃና የወረዳ አስተዳደር ሲደራጅ፣ በጌምድርና ስሜንም እንደ ሌላው ጠቅላይ ግዛት በዶሴ ተሞላ፤ የግብር መዝገብ፣ የርስት ክርክር መዝገብ፣ የአቤቱታ ወረቀት፣ የሹመትና የሽረት ደብዳቤ። ርስት ባለበት አገር ክርክር አይጠፋምና፣ በጎንደር ዙሪያ ከሁሉ የሚበዛው የፍርድ ቤቱ ዶሴ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ወረቀቱን የሚይዘው ሰው የመዝገብ ቤት ሹም ተባለ። ይህ ሹም ጽሕፈት ያውቃል፣ ቁጥር ያውቃል፣ የገቢና የወጪ መዝገብ ይሞላል፤ ወረቀት ከምን እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚበጫ፣ በማያያዣ ሽቦ ዝገት ለምን እንደሚበሳ ግን ማንም አላስተማረውም። የኔታ የሉትም። ቆዳ ፍቆ ከሚያድግ ጸሐፊ በተቃራኒ፣ እርሱ የሚጠብቀውን ዕቃ ከመጠቀሙ በቀር ልደቱን አያውቅም።

መንግሥት ስለ ነገሩ ፈጽሞ አላሰበም ማለት ግን ሐሰት ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመረቁት ሕዝባዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ለአገሪቱ የመጻሕፍትና የመዛግብት ማእከል እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተመሠረተ፤ በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 179 ደግሞ ወመዘክር የአገሪቱን መዛግብት የመሰብሰብና የመጠበቅ ሥልጣን በሕግ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1997 ዩኔስኮ በወመዘክር ያሉ ዐሥራ ሁለት ጽሑፎችን በዓለም የማስታወሻ መዝገብ አስፍሯቸዋል። ሁሉም መልካም ነው፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ እስከ ማክሰኝት ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሕጉ የወረዳውን ዶሴ ያዛል እንጂ የሚያቅፈው ክንድ ከወረዳው መነሣት አለበት።

በዚህ ላይ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ፣ ለብዙ ዘመን ሰው ተካስሶበትና ተገዳድሎበት የነበረው የርስት መዝገብ በአንድ ቀን የሕግ ዋጋውን አጣ። የፍትሑን ነገር ለሌላ ጽሑፍ ልተወው፤ በመዛግብት ረገድ ግን ውጤቱ ከባድ ነው። በወንጌል ኅዳግ የተጻፈው የርስት ውል ዋጋ ቢያጣም ወንጌሉ አላጣም፤ ስለዚህ ተረፈ። በዶሴ የተጻፈው ግን ጉዳዩ ከሞተ በኋላ የሚያኖረው ምክንያት አልነበረውም፤ ወለል ላይ ወርዶ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ ለአዲሱ ዶሴ ስፍራ እንዲለቅ ሆነ።

ዘመናዊው የመጽሐፍ ጥበቃ ትምህርት በዓለም እንዴት እንደ ተወለደ መመልከት እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ እርሱም ከመከራ ነው የተወለደው። አልፎንሶ ጋሎ የተባለው ኢጣልያዊ እ.ኤ.አ. በ1938 በሮማ የመጽሐፍን ሕመም የሚያጠና ተቋም ቢመሠርትም፣ ሙያው በእውነት ዓለም አቀፍ የሆነው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1966 የአርኖ ወንዝ ሞልቶ ፍሎረንስን ባጥለቀለቀ ጊዜ ነው። የከተማዪቱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ መጻሕፍትና ኅትመቶች በጭቃ ተበከሉበት፤ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ጠራዦች ለዓመታት እየፈቱ፣ እያጠቡ፣ እየሰፉ ሲሠሩ፣ የትኛው አሮጌ ጥረዛ ውሃውን እንደ ተቋቋመ፣ የትኛው በሙጫው ምክንያት እንደ ተበላሸ በዐይናቸው አዩ። ከዚያ ልምድ ሁለት ሕጎች ወጡ፤ የሚፈታ እንጂ የማይመለስ ጥገና አታድርግ፣ ከሚያስፈልገው በላይም አትንካ። ከዚህ በፊት ስለ ሰንሰለት ስፌትና ስለ ተጐነጐነ ገበታ ያነበበ ሰው፣ ፍሎረንስ በጭቃ የተማረችውን የእኛ ጠራዥ በልማድ ይዞት እንደ ኖረ ያስተውላል። ሲርማይ የተባለው የመካከለኛው ዘመን ጥረዛ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ለኢትዮጵያ ጥረዛ ራሱን የቻለ ምዕራፍ መስጠቱም ያለ ነገር አይደለም።

ወደ እኛ አገር የመጣው ዘመናዊ ሥራ በመጀመሪያ ጥገና ሳይሆን ፎቶግራፍ ነበር። ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በጣና ደሴቶች ገዳማት ያሉ መጻሕፍትን አነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የመንበረ ፓትርያርኩና የባህል ሚኒስቴር በአሜሪካ ሚኒሶታ ካለው የገዳማዊ መጻሕፍት ቤት ጋር ተባብረው የጀመሩት የማይክሮፊልም ሥራ፣ በዶክተር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ አመራር፣ በአብዛኛው በሸዋና በወሎ፣ በመጨረሻ ከዘጠኝ ሺህ በላይ መጻሕፍትን አስነሥቷል፤ ዶክተር ጌታቸው ኀይሌም በዝርዝራቸው ላይ ዕድሜያቸውን አሳለፉ። ሥርግው በ1973 ዓ.ም. ያሳተሙት የኢትዮጵያን የመጽሐፍ አሠራር የሚገልጸው ጥናት፣ ከብራና ፋቂው እስከ ደጓሹ ያለውን ሙያ በጽሑፍ ያቈየ ነውና፣ ፊልሙ ቢጠፋ እንኳ እርሱ ይበቃል እስከ ማለት እደፍራለሁ። ፎቶግራፍ የመጽሐፉን ቃል ያድናል፤ ክሩን፣ ገበታውን፣ ሽታውን፣ የኅዳጉን የጣት እድፍ አያድንም።

የጥገናው ነገር ከዚያ በኋላ መጣ፤ ከሁሉ የሚጠቀሰውም በዐድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል ነው። ይህ እጅግ ጥንታዊ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በችኰላ ተሰፍቶ ቅጠሎቹ ተዛብተው ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እንግሊዛውያን ጠራዦች ወደ ገዳሙ ራሱ ሄደው፣ መጽሐፉ ከግቢው ሳይወጣ፣ መነኮሳቱ እያዩ ፈትተው ጠገኑት። የዚህ ሥራ ዋና ትርፍ ለእኔ የታደሰው ወንጌል ብቻ አይደለም፤ ባለሙያው ወደ መጽሐፉ እንጂ መጽሐፉ ወደ ባለሙያው መሄድ እንደማያስፈልገው ማሳየቱ ነው። በገጠሩ ደብር ያለው ችግር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው፤ በቅን ልቡና በብራና ላይ የተለጠፈ ፕላስተር፣ የሣር ክዳን በቆርቆሮ ከተለወጠ ወዲህ በቀን የሚግል በሌሊት የሚቀዘቅዝ ዕቃ ቤት፣ ማኅደሩ ተበጥሶ በወለል የወደቀ ድጓ። ፕላስተሩን ቀስ ብሎ ማላቀቅ የሚችል አንድ ሰው በወረዳው ቢኖር ታላቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ዛሬ ስለ ሥልጠና ሲታሰብ፣ ልማዱ የመጻሕፍት ጠባቂዎችን ወደ ከተማ ጠርቶ ለጥቂት ቀናት ስለ ሙቀትና ስለ ርጥበት መጠን ትምህርት ሰጥቶ መስደድ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት ከከፈተ ወዲህ ስለ አመዳደብና ስለ መረጃ አያያዝ የተማሩ ብዙ ወጣቶች ወጥተዋል፤ መልካም ነው። ግን መመደብና መጠበቅ አንድ ሙያ አይደሉም፤ ዶሴን በቁጥር የሚያገኝ ሰው ዶሴው በእጁ ሲፈረካከስ ምን እንደሚያደርግ ላያውቅ ይችላል። ሠልጥኖ የተመለሰው ሹም ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይቈይ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፤ የገበዝነት ሹመት ግን እንዲህ አይዛወርም።

የእኔ አሳብ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ክፍል ይቀመጡ የሚል ነው፤ ከማክሰኝት ዙሪያ አድባራት የጥረዛ እጅ ያለው አንድ ሰው፣ ከወረዳው መዝገብ ቤትም ሹሙ። ጠራዡ ወረቀት አያውቅም፤ ቢሆንም ፈትቶ መስፋትን፣ ከወለል ማንሣትን፣ ሊመለስ የማይችለውን አለማድረግን ያውቃል። ሹሙ ብራና አያውቅም፤ ቢሆንም የዝገቱ ሽቦ ባለበት ዶሴ ሁሉ ስሙንና ቁጥሩን ያውቃል። ወረቀት ብራና እንዳልሆነ ለሁለቱም ማስረዳት የሚገባው ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ከእንጨት ብስባሽ የተሠራው የዛሬ ወረቀት በውስጡ ባለው ኮምጣጣ ባሕርይ ራሱን ይበላልና፣ ይህን ከቆዳ ጋር ያደገ ሰው አይገምተውም። የመጀመሪያው ወር ሥራ ግን የሚያስፈራ አይደለም፤ ሽቦውን መንቀል፣ ሲባጎውን በጥጥ ጥብጣብ መለወጥ፣ መደርደሪያውን ከወለሉ አንድ ክንድ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ማራቅ፣ የሚያፈሰውን የጣሪያ ምስማር ቀዳዳ መድፈን። የተቀደደውን ቅጠል ለመጠገን የሚያገለግለው ሙጫ ከስንዴ ዱቄት የሚወጣ ስታርች ነው፤ ስንዴ በማክሰኝት ገበያ አይጠፋም። በእርሱ የሚለጠፈው ቀጭን ወረቀት ከጃፓን የሚመጣ ስለሆነ፣ መጠየቅ ያለበት በጀት ለዚህ ወረቀትና ለጠራዡ የቀን አበል ነው።